ሩማቶይድ አርትራይተስና የዕፅዋት ውህዶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሩማቶይድ አርትራይተስ ዕድሜ ልክ ክትትል የሚፈልግ በሽታ ነው። ክኒኑና መርፌው ያሰለቻል፣ የጎንዮሽ ጉዳቱም ያሳስባል። ስለዚህ ሕሙማን “ከዕፅዋት የሚገኝ ነገር የለም ወይ?” ብለው መጠየቃቸው ተገቢ ነው፤ መልሱም በቁም ነገር ሊሰጣቸው ይገባል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በሰው ላይ የተፈተነውን በላቦራቶሪ ብቻ ከታየው ለይተው ያስቀምጣሉ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ይህ በሽታ ከሌላው የመገጣጠሚያ ሕመም በምን ይለያል?

ብዙ ጊዜ ከዕድሜና ከጫና ጋር የሚመጣው የመገጣጠሚያ ሕመም ኦስቲዮአርትራይተስ ይባላል፤ እዚያ ዋናው ችግር የልም አጥንቱ እየሳሳ መሄድ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ ግን የሚነሣው ከራሱ ከበሽታ መከላከያ ሥርዓት ነው። ተህዋስያንን ሊዋጋ የተፈጠረው ሥርዓት የመገጣጠሚያውን ውስጠኛ ሽፋን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃዋል። ሽፋኑ ያብጣል፣ ይወፍራል፣ ቀስ በቀስም ልም አጥንቱንና አጥንቱን እየበላ ይገባል። ብግነቱን ከሚያባብሱት ኬሚካዊ መልእክተኞች መካከል ቲኤንኤፍ አልፋ፣ ኢንተርሉኪን 1 እና ኢንተርሉኪን 6 ዋነኞቹ ናቸው።

ብዙውን ጊዜ የእጅና የእግር ትናንሽ መገጣጠሚያዎችን በግራም በቀኝም ይይዛል። ጠዋት ሲነሡ ጣቶች አልታጠፍ ይላሉ፤ ግትርነቱም ከግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆያል። በሽታው ከመገጣጠሚያ አልፎ ሳንባን፣ ዓይንን፣ ልብንና የደም ሥሮችን ሊነካ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2019 ከበሽታው ጋር የሚኖሩ ሰዎች በዓለም ላይ 18 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ ከእነርሱም 70 በመቶ ያህሉ ሴቶች ናቸው።

ለዚህ ርእስ ከሁሉ የሚበልጠው ነጥብ ግን ይህ ነው፦ አንዴ የተበላ አጥንት ወደ ነበረበት አይመለስም፣ መበላቱም በበሽታው የመጀመሪያ ወራት ሊጀምር ይችላል። ሕመሙ ቀነሰ ማለት ጉዳቱ ቆመ ማለት አይደለም። ስለዚህ ስለ ማንኛውም ዕፅ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መጠየቅ አለባቸው፦ ሕመሙን ያስታግሳል ወይ? መገጣጠሚያው እንዳይፈርስስ ያደርጋል ወይ? ለመጀመሪያው “አዎ” የሚያሰኙ ዕፅዋት ጥቂት አይደሉም። ለሁለተኛው ግን በጣም ጥቂት ናቸው።

ከዕፅ የተገኘ ነገር ለእንዲህ ያለ በሽታ በእውነት መድኃኒት ሊሆን ይችላል?

ይችላል፤ ሆኖም ያውቃል። ኤድዋርድ ስቶን የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ የአኻያ ዛፍ ቅርፊት ትኩሳት እንደሚያበርድ በ1763 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ጽፎ ነበር። ከቅርፊቱ ሳሊሲን የተባለው ውህድ ተለየ፣ ከዚያም ቤተሰብ የሆነው አስፕሪን በ1897 በጀርመን ቤተ ሙከራ ተሠራ። አስፕሪን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የሩማቶይድ አርትራይተስ ዋነኛ ማስታገሻ ሆኖ አገልግሏል። የሲንኮና ዛፍ ታሪክም ይመሳሰላል። ከቅርፊቱ በ1820 ኩዊኒን ተለየ፤ ኩዊኒንን የሚተካ የወባ መድኃኒት ሲፈለግ ደግሞ በፋብሪካ የተሠሩ ዘመዶቹ መጡ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን ዛሬም ለሩማቶይድ አርትራይተስ ይታዘዛል።

ስለዚህ “ዕፅ ነው ወይስ መድኃኒት?” የሚለው ክርክር ብዙ አያራምድም። እነዚህን ለወግ ያበቃቸው ውህዱ ተለይቶ መታወቁ፣ መጠኑ መለካቱና ጉዳቱ መመዝገቡ ነው። አንድ ዕፅ ይህን መንገድ ካልሄደ፣ ሊሠራ ቢችልም እንኳ በስንት መጠን፣ ለማን፣ ለምን ያህል ጊዜ የሚለውን የሚመልስልን የለም።

ውህዶቹ በሰውነት ውስጥ ምን ያደርጋሉ?

በሕዋስ ውስጥ ኤንኤፍ ካፓ ቢ የሚባል ፕሮቲን አለ። ሲነቃ ወደ ሕዋሱ ኒውክለስ ገብቶ ቲኤንኤፍ አልፋንና ሌሎቹን መልእክተኞች የሚያሠሩትን ጂኖች ይከፍታል። ብዙ የተጠኑ የዕፅዋት ውህዶች፣ የእርዱ ኩርኩሚን፣ ኩዌርሰቲን፣ ሬስቬራትሮል፣ የአረንጓዴ ሻዩ ኢጂሲጂ፣ ሴላስትሮል፣ በላቦራቶሪ ይህን ፕሮቲን ሲገቱ ታይተዋል። የዕጣን ሙጫ ውስጥ ያሉት ቦስዌሊክ አሲዶች ደግሞ ሉኮትራይን የተባሉትን አቀጣጣይ ቅባቶች የሚሠራውን ኢንዛይም ይነካሉ። አጥንት የሚበሉትን ሕዋሳት፣ ኦስቲዮክላስቶችን፣ የሚያዳክሙም አሉ።

አንድ የዕፅ ውህድ በአንድ ጊዜ ብዙ ቦታ መንካቱ በጽሑፎች ላይ ሁልጊዜ እንደ በረከት ይቀርባል። እኔ በዚህ አልስማማም። ብዙ ቦታ የሚነካ ነገር ያልታሰበ ቦታም ይነካል፤ ከሌላ መድኃኒት ጋር የመጋጨት ዕድሉም ይሰፋል።

በላቦራቶሪ ይህን ያህል ከሠሩ ሐኪሞች ለምን አያዙልንም?

ከላቦራቶሪው ሳህን እስከ ሰው ጣት ድረስ ያለው መንገድ ረጅም ስለሆነ ነው። በሳህን ላይ ያሉ ሕዋሳት ውህዱን በቀጥታ ይጠመቁበታል። ሰው ሲውጠው ግን አንጀት ጥቂቱን ብቻ ያስገባል፣ ጉበት ያገኘውን ቀይሮ ያስወግዳል፤ ደም ውስጥ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በሳህኑ ላይ ከሠራው መጠን በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። “ካንሰርንም አርትራይተስንም ይገድላል” የሚሉት ዜናዎች አብዛኞቹ ይህን ልዩነት ይዘሉታል።

የእንስሳቱም ጥናት ገደብ አለው። አይጦች ኮላጅን ወይም ሌላ አቀጣጣይ ነገር ተወግተው በሳምንታት ውስጥ እንዲታመሙ ይደረጋል። በብዙ ጥናቶች የዕፁ ውህድ የሚሰጣቸው በሽታው ከመነሣቱ በፊት ወይም ገና ሲጀምር ነው። ሰው ግን ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ጣቶቹ ለወራት ካበጡ በኋላ ነው። መከላከልና ማዳን አንድ አይደሉም።

በሰው ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ደግሞ አብዛኞቹ ትናንሾች ናቸው፦ ከ40 እስከ 100 ሰው፣ ከ8 እስከ 12 ሳምንት። በዚህ ጊዜ ውስጥ የሕመምና የእብጠት ለውጥ ይታያል እንጂ የአጥንት መበላት መቆሙን በራጅ ማረጋገጥ አይቻልም። ሌላም አለ፤ ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ) የተሰጣቸው ሕሙማን ራሳቸው በጥቂት ወራት የተወሰነ መሻሻል ያሳያሉ፣ በሽታው በተፈጥሮው ከፍ ዝቅ ይላልና። ስለዚህ ማነጻጸሪያ ቡድን የሌለው ጥናት ምንም ያህል ቢያምር ብዙ አይነግረንም።

በሰው ላይ ከተፈተኑት ውስጥ ጠንካራው ማስረጃ የየትኛው ነው?

ያለ ጥርጥር የትሪፕቴሪጊየም ዊልፎርዲ። በደቡብ ቻይና የሚበቅል ሐረግ ሲሆን ቻይናውያን ሌይ ጎንግ ቴንግ ይሉታል። መድኃኒት የሚወጣው ከተላጠው ሥሩ ነው፤ ዋነኛ ውህዶቹ ትሪፕቶላይድና ሴላስትሮል ይባላሉ።

በ2009 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 121 ሕሙማንን በዕጣ ከፍሎ ለአንዱ ቡድን የዚህን ሥር የተጣራ መድኃኒት፣ ለሌላው የታወቀውን የሩማቶይድ መድኃኒት ሰልፋሳላዚን ሰጠ። ከ24 ሳምንት በኋላ ቢያንስ የ20 በመቶ መሻሻል መለኪያን ያለፉት ከዕፁ ቡድን 65 በመቶ፣ ከሰልፋሳላዚኑ 33 በመቶ ያህል ነበሩ። ግን ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ጥናቱን ሳይጨርስ አቋርጧል፣ ይህም የውጤቱን ክብደት ይቀንሰዋል።

በ2015 የታተመው የቻይና ጥናት የበለጠ ያነጋግራል። 207 ሕሙማን በሦስት ተከፈሉ፦ ዋነኛው የሩማቶይድ መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ብቻ፣ ትሪፕቴሪጊየም ብቻ፣ ሁለቱም በአንድነት። ከ24 ሳምንት በኋላ የ50 በመቶ መሻሻል ያገኙት በቅደም ተከተል 46.4፣ 55.1 እና 76.8 በመቶ ሆኑ። በሁለት ዓመት ክትትልም በራጅ የታየው የመገጣጠሚያ ጉዳት በሦስቱ ቡድኖች ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። የራጅ ክትትል ያለው የዕፅ ጥናት ብርቅ ስለሆነ ይህን ሥራ ከልቤ አከብረዋለሁ። ሁለት ነገር ግን መታወስ አለበት። ሕሙማኑ የሚወስዱትን ያውቁ ነበር፤ የሜቶትሬክሴቱም መጠን በሳምንት 12.5 ሚሊ ግራም ነበር፣ በብዙ አገር ሐኪሞች ከዚህ ከፍ አድርገው ነው የሚሰጡት። ዕፁ የተወዳደረው ሙሉ ኃይሉን ካልተጠቀመ ተፎካካሪ ጋር ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲያው ትሪፕቴሪጊየም በኢንተርኔት ገዝቼ ልጀምር?

እባክዎ አያድርጉት። ይህ ዕፅ የሚሠራው ኃይለኛ ስለሆነ ነው፣ የሚጎዳውም በዚያው ምክንያት ነው። ትሪፕቶላይድ ሕዋሳት ጂኖቻቸውን የሚያነቡበትን መሣሪያ ከፕሮቲኖቹ አንዱ ላይ ተጣብቆ ይገታዋል፤ ይህ ደግሞ የታመመውንም ጤነኛውንም ሕዋስ ይነካል። በወንዶች ላይ የዘር ሕዋሳትን ቁጥርና እንቅስቃሴ ይቀንሳል፣ በሴቶች ላይ የወር አበባን ያዛባል ወይም ያቋርጣል። አንዳንዶች ላይ፣ በተለይ ዕድሜያቸው ከፍ ባለ ሴቶች፣ የወር አበባው ላይመለስ ይችላል። የጉበትና የኩላሊት ጉዳት፣ የነጭ የደም ሕዋሳት ማነስ፣ የአጥንት መሳሳት ተመዝግበዋል። ቅጠሉ፣ አበባውና የሥሩ ልጣጭ መርዝ ናቸው፤ በአግባቡ ካልተዘጋጀው ዕፅ ሰዎች ሞተዋል። የብሪታንያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ድርጅት በ2011 ሕዝቡ እንዳይጠቀመው አስጠንቅቋል።

በቻይና በሐኪም ትእዛዝና በደም ምርመራ ክትትል የሚሰጠው ዝግጅትና በፖስታ የሚመጣው ያልታወቀ ዱቄት ስማቸው አንድ ቢሆንም አንድ ነገር አይደሉም።

እርድስ? ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ እርድ ነው።

ስለ እርድ የሚወራው ከማስረጃው ቀድሞ ሄዷል። ውህዱ ኩርኩሚን ነው። ብዙ የሚጠቀሰው በ2012 የታተመው ጥናት 45 የሩማቶይድ አርትራይተስ ሕሙማንን በሦስት ከፍሎ ነበር፦ 500 ሚሊ ግራም ኩርኩሚን፣ 50 ሚሊ ግራም ዳይክሎፌናክ፣ ሁለቱም በአንድነት። ኩርኩሚን የወሰዱት ጥሩ ተሻሻሉ። ነገር ግን በቡድን 15 ሰው፣ ለ8 ሳምንት፣ ያለ ፕላሴቦ ነበር። ማነጻጸሪያው ዳይክሎፌናክም ሕመም ያስታግሳል እንጂ የመገጣጠሚያን መፍረስ አያቆምም። ከዚህ ጥናት “ኩርኩሚን ሩማቶይድን ይፈውሳል” የሚል ድምዳሜ ማውጣት አይቻልም።

የመጠኑንም ነገር እንይ። በእርድ ዱቄት ውስጥ ያለው ኩርኩሚን በአማካይ ከ100 ግራም 3 ግራም ቢሆን ነው። 500 ሚሊ ግራም ለማግኘት ከ16 ግራም በላይ ዱቄት ያስፈልጋል፣ ይህም በየቀኑ ነው። ምግብ ላይ የሚነሰነሰው እርድ መልካም ቅመም ነው፤ የመድኃኒት መጠን ግን አይሆንም። ኩርኩሚን ደግሞ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። በ1998 አንድ ጥናት ከቁንዶ በርበሬ የሚገኘው ፓይፐሪን ሲጨመርበት በደም ውስጥ ያለው መጠን 20 እጥፍ እንዳደገ አሳየ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ እንክብሎች ሁለቱን አዋሕደው ይሸጣሉ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ፓይፐሪን ይህን የሚያደርገው ጉበትና አንጀት ውህዶችን የሚያስወግዱበትን ኢንዛይም በመግታት ነው፤ ያው ኢንዛይም የሌሎች መድኃኒቶችንም መጠን ይወስናል። በቅርብ ዓመታት ከእርድ እንክብል ጋር የተያያዘ የጉበት መቆጣት በጣሊያንም በአሜሪካም ተመዝግቧል። በ2022 የቀረበ የአሜሪካ ሪፖርት ከመረመራቸው 10 ሕሙማን 7ቱ ኤችኤልኤ ቢ 35፡01 የተባለውን የዘር ምልክት የተሸከሙ መሆናቸውን አገኘ። ጉዳቱ በብዙ ሰው ላይ የሚደርስ አይደለም፤ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንትዎ ከጠቆረ ግን እንክብሉን ያቁሙና ያኑ ዕለት ይመርመሩ።

ዝንጅብል፣ ዕጣን፣ ኩዌርሰቲንስ?

ዝንጅብል፦ በ2019 በታተመ ጥናት 70 ሕሙማን ለ12 ሳምንት በቀን 1.5 ግራም የዝንጅብል ዱቄት ወይም ፕላሴቦ ወስደው የዝንጅብሉ ቡድን የበሽታ መለኪያ ቀንሷል። ተስፋ ሰጪ ነው፣ ግን ገና ነው።

ዕጣን፦ ለኦስቲዮአርትራይተስ የተሻለ ማስረጃ አለው። በሩማቶይድ ላይ በጀርመን ተሠርቶ በ1998 የታተመው ጥናት ከፕላሴቦ የተለየ ጥቅም አላገኘም። ሁለቱን በሽታዎች አቀላቅለው የሚያስተዋውቁ ሻጮች ብዙ ስለሆኑ ልብ ይበሉ።

ኩዌርሰቲን፦ በ2017 በታተመ ጥናት 50 ሴቶች ተካፍለው 500 ሚሊ ግራም ለ8 ሳምንት የወሰዱት የጠዋት ግትርነታቸውና ሕመማቸው ቀንሷል። ሌሎች በትልቁ ይድገሙት።

የቦሬጅና የኢቭኒንግ ፕሪምሮዝ ዘይት ይጠቅማል የሚባለው እውነት ነው?

ከሌሎቹ በላይ ትኩረት ሊሰጠው የሚገባ ይመስለኛል። ከሁለት ተክሎች ዘር የሚጨመቁት እነዚህ ዘይቶች ጋማ ሊኖሌኒክ አሲድ የተባለ ቅባት ይዘዋል፤ ሰውነት ብግነትን ወደሚያበርዱ ውህዶች ይቀይረዋል። በ1993 በታተመ ጥናት 37 ሕሙማን ለ24 ሳምንት ተከታትለው፣ በቀን 1.4 ግራም የወሰዱት የሚያማቸው መገጣጠሚያ ቁጥር በ36 በመቶ፣ ያበጠው በ28 በመቶ ቀነሰ። በ2011 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ 22 የዕፅዋት ጥናቶችን መርምሮ ሕመምን በመቀነስ በኩል ጥቅም ሊኖረው እንደሚችል የጠቀሰው ይህንኑ አሲድ የያዙትን ዘይቶች ነው። ስለ ትሪፕቴሪጊየም ደግሞ ጉዳቱን አንሥቶ አስጠንቅቋል።

ጥቅሙ የሚታየው ከወራት በኋላ ሲሆን ሲቆም ይጠፋል። መጠኑም ከፍ ያለ ስለሆነ በቀን ብዙ እንክብል መዋጥ ይጠይቃል፣ ሆድም ያላላል። የቦሬጅ ተክል ራሱ ጉበት የሚጎዱ ፒሮሊዚዲን አልካሎይዶች አሉት። ዘይቱን የሚገዛ ሰው ከእነርሱ የጸዳ መሆኑ የተጻፈበትን ብቻ ይምረጥ። ቅጠሉን አፍልቶ መጠጣት ምትክ አይሆንም።

ሲኖሜኒንና የፒዮኒ ሥር ምንድን ናቸው?

ሁለቱም በቻይና ለሩማቶይድ አርትራይተስ በመድኃኒትነት የተመዘገቡ ናቸው። ሲኖሜኒን ከሲኖሜኒየም አኩተም ሐረግ የሚወጣ አልካሎይድ ሲሆን በኬሚካዊ አወቃቀሩ ከሞርፊን ጋር ይዛመዳል፤ ሂስታሚን ስለሚያስለቅቅ ቆዳ ላይ ማሳከክና ሽፍታ ያመጣል። ከነጩ ፒዮኒ ሥር የሚወጣው ዝግጅት ዋና ውህዱ ፒዮኒፍሎሪን ነው፤ ከ1998 ጀምሮ በሐኪሞች ይታዘዛል፣ የሚታወቀው ጉዳቱ መጠነኛ ተቅማጥ ነው። ከቻይና ውጭ በሰፊው አልተፈተኑም።

የሚቀባ የበርበሬ ቅባትስ?

ካፕሳይሲን የሕመም ነርቮችን ለጊዜው ያደክማል። በ1991 በታተመ ጥናት 0.025 በመቶ የሆነው ቅባት በቀን አራት ጊዜ ሲቀባ የሩማቶይድ ሕሙማንንም ሕመም ቀንሷል። በሽታውን አይነካም። ከቀቡ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ ዓይን አይነካ፣ የተላጠ ቆዳ ላይም አይቀባ።

ሜቶትሬክሴት ወይም ሌላ መድኃኒት እየወሰድኩ ዕፅ ብጨምርበት ጉዳት አለው?

ሊኖረው ይችላል፤ እንደ መድኃኒቱና እንደ ዕፁ ይለያያል። ሜቶትሬክሴትና ሌላው የሩማቶይድ መድኃኒት ሌፍሉኖማይድ ጉበትን ስለሚያስጨንቁ ነው ሐኪም በየጊዜው የጉበት ምርመራ የሚያዘው። ጉበት የሚነካ ዕፅ በድብቅ ሲጨመር የምርመራው ውጤት ይበላሻል፤ ሐኪሙም ጥፋተኛው ሜቶትሬክሴት መስሎት የሚሠራውን መድኃኒት ሊያቆመው ይችላል። ይህ ኪሳራ በቀላሉ የሚቀር ነበር።

ቶፋሲቲኒብ የተባለውን የሩማቶይድ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሴንት ጆንስ ወርት ከተባለው ለድብርት የሚወሰድ ዕፅ መራቅ አለባቸው፤ ዕፁ የጉበትን ኢንዛይም ቀስቅሶ መድኃኒቱን ከደም ያጥበዋል። ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ላይ ያሉ ደግሞ የኩርኩሚን፣ የዝንጅብል፣ የነጭ ሽንኩርትና የጊንጎ እንክብሎችን ያለ ሐኪም ምክር አይጀምሩ።

መድኃኒቴን ትቼ በዕፅ ብቻ ብሞክርስ?

እስከ ዛሬ ያለው ማስረጃ ይህን አይደግፍም። ሜቶትሬክሴት፣ ከ1998 ጀምሮ የመጡት ቲኤንኤፍን የሚገቱ መርፌዎችና ሌሎቹ የመገጣጠሚያን መፍረስ እንደሚያዘገዩ ወይም እንደሚያቆሙ በብዙ ትልልቅ ጥናቶች ታይቷል። የአሜሪካ ሩማቶሎጂ ኮሌጅ በ2022 ባዘጋጀው መመሪያ አዘውትሮ የአካል እንቅስቃሴ ማድረግን አጥብቆ ይመክራል፣ የሜዲትራኒያን ዓይነት አመጋገብንም ይደግፋል፤ ተጨማሪ እንክብሎችን ግን ለበሽታው ሕክምና ብሎ መውሰድን አይመክርም። መድኃኒቱን ለማቆም ያሰቡት የጎንዮሽ ጉዳቱ አስመርሮዎት ከሆነ ይህንኑ ለሐኪምዎ ይንገሩ። መጠን መቀነስ፣ ከክኒን ወደ መርፌ መቀየር፣ ፎሊክ አሲድ መጨመር፣ ሌላ መድኃኒት መሞከር ይቻላል። ማቅለሽለሽ ብቻውን ብዙ ሰው ሕክምናውን እንዲተው ያደርገዋል፣ ያም ብዙ ጊዜ መፍትሔ ያለው ችግር ነው።

“መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ” የተባለ ክኒን በሁለት ቀን አሻለኝ። ምን ይሉታል?

በጣም ያሳስበኛል። ከላይ የተዘረዘሩት እውነተኛ የዕፅዋት ውህዶች ጥቅማቸው የሚታየው በሳምንታትና በወራት ነው። በአንድና በሁለት ቀን እብጠቱን ሙልጭ አድርጎ የሚያጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ስቴሮይድ የተባለው ብግነትን የሚገታ ኃይለኛ መድኃኒት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2022 አርትሪ ኪንግ በሚል ስም ይሸጥ በነበረ የመገጣጠሚያ እንክብል ውስጥ ማሸጊያው ላይ ያልተጻፉ ዳይክሎፌናክና ዴክሳሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ ማግኘቱን አስታውቋል፤ ጉዳት የደረሰባቸውና የሞቱ ተጠቃሚዎችም ሪፖርት ተደርገዋል።

የተደበቀ ስቴሮይድ ለወራት የወሰደ ሰው ፊቱ ይነፋል፣ የደም ስኳሩና ግፊቱ ይጨምራል፣ አጥንቱ ይሳሳል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ድንገት ማቆሙ ነው። ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች የራሳቸውን ሆርሞን መሥራት ስለሚያቆሙ ክኒኑ በአንድ ቀን ሲቋረጥ ግፊት ሊወርድና ሕይወት ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ክኒን ለሳምንታት ከወሰዱ በራስዎ ከመጣል ይልቅ ዕቃውን ይዘው ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ በሥርዓት እየተቀነሰ ይቆማል። ብርቱ ድካም፣ ማስታወክ ወይም ራስን መሳት ካለ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሌላው አደጋ ብረታ ብረት ነው። በ2008 የታተመ ጥናት በኢንተርኔት የሚሸጡ 193 የአዩርቬዳ (የሕንድ ባህላዊ ሕክምና) ምርቶችን መርምሮ 20.7 በመቶው እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ እንዳለበት አገኘ።

የዕፅ መቀያየርም ያጋጥማል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቤልጂየም በክብደት መቀነሻ እንክብል ውስጥ መግባት የነበረበት ስቴፋኒያ ቴትራንድራ የተባለ ሥር ነበር፤ የቻይንኛ ስሙ ከሌላ ዕፅ ጋር ስለሚመሳሰል በምትኩ አሪስቶሎኪያ ገባ። ከ100 በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎዳ፣ ከእነርሱም በኋላ የሽንት ቧንቧ ካንሰር ያጋጠማቸው አሉ። ስቴፋኒያ ለመገጣጠሚያ ሕመምም የሚሸጥ ሥር በመሆኑ ይህ ታሪክ ሩማቶይድ ያለበትን ሰው በቀጥታ ይመለከተዋል።

የበሽታ መከላከያን “የሚያጠነክር” ዕፅ ይጠቅመኛል?

የእርስዎ ችግር የመከላከያው ሥርዓት መድከም ሳይሆን አላግባብ መንቃቱ ነው። ኢኪናሲያና የመሳሰሉትን መከላከያን ይቀሰቅሳሉ የሚባሉ ዕፅዋት ይተዉአቸው።

እርጉዝ ነኝ ወይም ለመጸነስ አስባለሁ። ምን ላድርግ?

በእንክብል መልክ የሚወሰድ የዕፅ መድኃኒት ያለ ሐኪም ፈቃድ አይውሰዱ፤ በነፍሰ ጡር ሴቶች ላይ የተፈተኑት ከቁጥር አይገቡም። ትሪፕቴሪጊየም ፈጽሞ ክልክል ነው። ሜቶትሬክሴትም ከመጸነስ በፊት መቆም ስላለበት ዕቅዱን አስቀድመው ለሐኪምዎ ያሳውቁ፤ በእርግዝና ጊዜ የሚፈቀዱ መድኃኒቶች አሉ።

ሐኪሜ ስለ ዕፅ ስነግረው ይቆጣል ብዬ እፈራለሁ።

ፍርሃቱ ይገባኛል፣ ብዙ ሕሙማን በዚሁ ምክንያት ይደብቃሉ። ዕቃውን ከነማሸጊያው ይዘው ይሂዱ፤ ስሙ፣ መጠኑና የጀመሩበት ቀን ከታወቀ ንግግሩ ይቀላል። “ልውሰድ ወይ?” ከማለት ይልቅ “ይህን እየወሰድኩ ነው፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራዬን በዚህ ዐይን ይዩልኝ” ቢሉ የበለጠ ይጠቅማል። ለመሞከር ከተስማማችሁ አንድ ዕፅ ብቻ በአንድ ጊዜ ይጀመር፣ ከመጀመሩ በፊት የደም ምርመራ ይደረግ፣ ሦስት ወር ቆይቶ ያበጡ መገጣጠሚያዎች ተቆጥረው ይነጻጸሩ። ምንም ለውጥ ከሌለ ይቆማል። አድምጦ የማያውቅ ሐኪም ከገጠመዎት ሌላ ሐኪም መፈለግ መብትዎ ነው፤ መደበቅ ግን የሚጎዳው እርስዎን ነው።

የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና ሊደረግልኝ ነው። ዕፁን መቼ ላቁም?

ቀጠሮው እንደተያዘ የሚወስዱትን ሁሉ ለቀዶ ሐኪሙና ለማደንዘዣ ባለሙያው ይዘርዝሩ። ብዙ ባለሙያዎች ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት እንዲቆም ይጠይቃሉ፣ በተለይ የደም መርጋትን የሚነኩትን የነጭ ሽንኩርት፣ የጊንጎ፣ የዝንጅብልና የኩርኩሚን እንክብሎች። በሐኪም የታዘዙት የሩማቶይድ መድኃኒቶች ግን በዚህ ሕግ አይመሩም። ሜቶትሬክሴት ብዙ ጊዜ ሳይቋረጥ ይቀጥላል፣ መርፌዎቹ እንደየዓይነታቸው ይዘገያሉ፤ የሚወስነውም የሩማቶሎጂ ሐኪምዎ ነው።